መልሱ ሳይታወቅ የተከፈለበት ጥያቄ

እንደምን አመሻችሁ። ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ያልተሳካ ፍለጋ በማውራት ልጀምር።

ዘመኑ 1970ዎቹ ነው። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። በ1974 ስቲቨን ሆኪንግ አንድ እንግዳ ሐሳብ ይዘው ብቅ አሉ። በጣም ትንንሽ ብላክ ሆሎች፣ ማለትም ስበታቸው ብርሃንን እንኳ የማያስመልጥ የጠፈር አካላት፣ ካሉ ቀስ በቀስ እየተነኑ ያልቃሉ፣ መጨረሻ ላይም ይፈነዳሉ የሚል ነው። ጆን ኦሱሊቫን የሚባሉ አውስትራሊያዊ መሐንዲስና ባልደረቦቻቸው ይህን ፍንዳታ በሬዲዮ ቴሌስኮፕ ለመስማት ተነሱ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ምልክቱ ካለም እጅግ አጭር ነው። በዚያ ላይ በከዋክብት መካከል ያለውን ጋዝ አቋርጦ ሲመጣ ይበታተናል፣ ይደበዝዛል። ስለዚህ የተበታተነውን ምልክት መልሶ የሚሰበስብ ስሌትና መሣሪያ ማበጀት ነበረባቸው። አበጁ። አዳመጡ። ምንም አልሰሙም።

እስከ ዛሬም ያንን ፍንዳታ ሰማሁ ብሎ ያረጋገጠ የለም። በጊዜው አንድ የሒሳብ ሹም መዝገቡን ቢከፍት ኖሮ "ገንዘቡ ወጥቷል፣ ውጤት የለም" ብሎ ይዘጋው ነበር። አይፈረድበትም።

ዓመታት አለፉ። ኦሱሊቫን ወደ አገራቸው ተመልሰው ሲኤስአይአርኦ በሚባለው የአውስትራሊያ መንግሥት የምርምር ተቋም መሥራት ጀመሩ። እዚያ ሌላ ችግር ገጠማቸው። ኮምፒውተሮችን ያለ ገመድ እንዴት እናገናኝ? ነገሩ ወዲህ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ የተለቀቀ የሬዲዮ ሞገድ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ ኮርኒሱን እየነካ ይነጥራል። አንዱ መልእክት በተለያየ ቅጽበት ደጋግሞ ይደርሳል። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው ስታዳምጡ የራሱ የገደል ማሚቶ ቃሉን እንደሚያደበላልቅባችሁ ማለት ነው።

የኦሱሊቫን ቡድን መላ አገኘ። ፈጣኑን መልእክት ብዙ ቦታ ከፋፍሎ፣ እያንዳንዱን ቁራጭ በዝግታ፣ ሁሉንም ግን ጎን ለጎን በአንድ ጊዜ መላክ። ቁራጩ በዝግታ ሲሄድ ማሚቶው አይረብሸውም። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ስሌት ደግሞ ኦሱሊቫን ከብላክ ሆል ፍለጋው ጀምሮ አብረውት የኖሩት ስሌት ነው። ተቋሙ በ1996 የአሜሪካ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አገኘ። ዘዴው ዋይፋይ ፈጣንና አስተማማኝ እንዲሆን ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ሆነ። ዋይፋይ የእነሱ ብቻ ሥራ ነው ማለቴ አይደለም፣ ብዙ እጅ አለበት። ግን ተቋሙ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር ተሟግቶ ከ400 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ገቢ አድርጓል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ነገር አይደለም። በሕዝብ ገንዘብ ስለተገኙ ፈጠራዎች ሲወራ ቶሎ ትዝ የሚለን ጨረቃ ላይ መውጣት ነው። ትልቅ ዕቅድ፣ ትልቅ በጀት፣ ቁርጥ ያለ ግብ። እሱም አለ። እኔን የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። መልሱ ምን እንደሚሆን፣ ለማን እንደሚጠቅም ማንም ሳያውቅ የተከፈለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነሱ ነው።

እስቲ ወደ ፍል ውሃ እንሂድ።

አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን የሚባል ብሔራዊ ፓርክ አለ። ከመሬት የሚፈልቀው ውሃ ይንተከተካል። ዳር ዳሩን ቢጫ፣ ብርቱካናማና ሮዝ ቀለም ይታያል። ጎብኚው ፎቶ ያነሳል፣ ይሄዳል። ቶማስ ብሮክ የሚባሉ የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ ግን ቆመው ጠየቁ። ይህ ቀለም ሕይወት አለው ማለት ነው? በዚህ ሙቀት ምን ሊኖር ይችላል? የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ። የምርምሩን ወጪ የሸፈነው የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽን ነው፤ የግብር ከፋዩ ገንዘብ ማለት ነው።

በ1966 ብሮክና ገና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የነበረው ሃድሰን ፍሪዝ ከአንዱ ምንጭ ናሙና ወሰዱ። ውስጡም 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ተመችቶት የሚኖር ባክቴሪያ አገኙ። ብዙው ፍጡር በዚያ ሙቀት ተቀቅሎ ያልቃል። "ቴርመስ አኳቲከስ" ብለው ስም አወጡለት። በ1969 ጽሑፋቸውን አሳተሙ። ባክቴሪያውንም የፈለገ ተመራማሪ እንዲወስደው ብለው ናሙናዎች በሚጠበቁበት ማዕከል አስቀመጡት። በቃ። ያን ጊዜ አንድ ሰው ብሮክን "ይህ ምን ይጠቅማል?" ብሎ ቢጠይቃቸው ሐቀኛው መልስ "ሕይወት እስከ ምን ድረስ እንደምትችል ያሳያል" የሚል ይሆን ነበር።

በ1976 ሌሎች ተመራማሪዎች ከዚህ ባክቴሪያ አንድ ኢንዛይም ለይተው አወጡ። ሥራው የዘር መረጃ የተጻፈበትን ዲኤንኤን መቅዳት ነው። የባለቤቱን ጠባይ ይዟል፤ ሙቀት አይፈራም።

አሁን ወደ 1983 እንለፍ። ሴተስ በሚባል የግል ኩባንያ የሚሠሩት ካሪ ሙሊስ ዲኤንኤን የማባዛት ዘዴ መጣላቸው። ፒሲአር የምንለው ነው። ሐሳቡ ውብ ነው፣ ትንሽ ላብራራው። ዲኤንኤ እንደ ዚፕ ሁለት ጎን አለው። ወደ 95 ዲግሪ ስታሞቁት ዚፑ ይከፈታል። ስታቀዘቅዙት ኢንዛይሙ ለእያንዳንዱ ጎን አዲስ ተጓዳኝ ይሠራለታል። አንዱ ሁለት ይሆናል። እንደገና ታሞቃላችሁ። ሁለቱ አራት ይሆናሉ። አራቱ ስምንት። 30 ዙር ስትደጋግሙት ከ1 ቢሊዮን በላይ ይደርሳል። በዓይን ቀርቶ በመሣሪያም የማይገኝ ቅንጣት በሰዓታት ውስጥ የሚነበብ ነገር ይሆናል።

ግን አንድ እንቅፋት ነበር። መጀመሪያ ይጠቀሙበት የነበረው ኢንዛይም በእያንዳንዱ ማሞቅ ይሞታል። በየዙሩ አዲስ መጨመር ግድ ነው። 30 ጊዜ ማሞቅ፣ 30 ጊዜ መጨመር። ማን ይችለዋል? ያኔ ነው የፍል ውሃው ባክቴሪያ ኢንዛይም የደረሰላቸው። አንዴ ጨምሮ መተው ሆነ። ሥራውን ማሽን ተረከበው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የኮሮና ምርመራ። በደም ውስጥ ያለውን የኤችአይቪ መጠን መለካት። ሳንባ ነቀርሳን ፈጥኖ መለየት። ከወንጀል ሥፍራ ከተገኘች አንዲት ፀጉር ባለቤቷን ማወቅ፣ በሐሰት የተፈረደበትን ንጹሕ ሰውም ከእስር ማስወጣት። ሙሊስ በ1993 ኖቤል ተሸለሙ። ኩባንያው የፒሲአርን መብት በ1991 በ300 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ብሮክ ከዚህ ገንዘብ አልተካፈሉም። ፓርኩም አልተካፈለም።

እዚህ ላይ ዘመኑን ቁጠሩልኝ። ናሙናው የተወሰደው በ1966 ነው። ፒሲአር በዓለም ላይ የተስፋፋው በ1980ዎቹ መጨረሻ። ከ20 ዓመት በላይ ነው። የትኛው ኩባንያ ነው በ1966 ለዚህ ገንዘብ የሚያወጣው? ኩባንያ ሦስት ጥያቄ አለው። ምን ይገኝበታል? መቼ? የእኔ ብቻ ይሆናል ወይ? የፍል ውሃው ምርምር ለሦስቱም መልስ አልነበረውም። ኩባንያን መውቀሴ አይደለም። ደሞዝ የሚከፍል፣ ለባለ አክሲዮን የሚጠየቅ ድርጅት እንዲህ ማሰቡ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄው ሳይጠየቅ መቅረት የለበትም። ታዲያ ማን ይክፈል? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ። ለአንድ ድርጅት የማይሸከሙት ዕዳ የሆነው ነገር በሚሊዮን ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ጥቂት ሳንቲም ነው።

አሁን ስልካችሁን አውጡ። የምታውቁትን ካርታ ክፈቱ። ያቺ ሰማያዊ ነጥብ ያላችሁበትን ቦታ ታሳያችኋለች። ከየት መጣች?

ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክን ላከች። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባር ፊዚክስ ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ዊሊያም ጋየርና ጆርጅ ዋይፈንባክ ይባላሉ። ሳተላይቷ የምታሰማውን "ቢፕ ቢፕ" ለመስማት ጓጉ። ማንም አላዘዛቸውም። ድምፁ ሳተላይቷ ስትቀርብ ቀጠን፣ ስትርቅ ወፈር እንደሚል አስተዋሉ። አምቡላንስ እየጮኸ አጠገባችሁ ሲያልፍ ድምፁ እንደሚለዋወጠው ነው። ከዚህ ለውጥ ብቻ ተነስተው ሳተላይቷ የምትሄድበትን መንገድ አሰሉ።

በ1958 አለቃቸው ፍራንክ ማክሉር ጠሯቸውና ጥያቄውን ገለበጡት። "እኛ ያለንበት ታውቆ ሳተላይቷ የት እንዳለች ማወቅ ከቻልን፣ ሳተላይቷ ያለችበት ታውቆ እኛ የት እንዳለን ማወቅ አንችልም ወይ?" የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ይቻላል። ከዚያ ትራንዚት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት ተወለደ። ቀጥሎ ስልካችሁ ያላችሁበትን ቦታ የሚያውቅበት ጂፒኤስ መጣ፤ የመጀመሪያው ሳተላይት የመጠቀው በ1978 ነው።

ይህ የጦር ኃይል ገንዘብ ነው፣ አልደብቃችሁም። የተፈለገውም ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ያሉበትን ቦታ እንዲያውቁ ነበር። የሕዝብ ካዝና ስንል የመከላከያውም በጀት ውስጡ አለ። እኔ በግሌ ይህ ሁሉ ዕውቀት በሰላማዊ ሰበብ ተገኝቶ ቢሆን እመርጥ ነበር።

ግን ጂፒኤስ ያለ ሌሎች ሁለት ነገሮች አይሠራም። አንደኛው አቶሚክ ሰዓት ነው፤ ጂፒኤስ ርቀትን የሚያሰላው የሳተላይቱ ምልክት ለመድረስ በፈጀው ጊዜ ነውና። ሉዊስ ኤሰን በ1955 በብሪታንያ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ በሲዚየም አቶም የሚሠራ ትክክለኛ ሰዓት ገነቡ። ሁለተኛው የአንስታይን የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ ነው። አንስታይን በ1915 አጠቃላይ ንድፈ ሐሳባቸውን ሲያቀርቡ በርሊን ውስጥ በፕሩሺያ የሳይንስ አካዳሚ ደሞዝ የሚኖሩ ሰው ነበሩ። ስለ መንገድ አቅጣጫ እያሰቡ አልነበረም። ንድፈ ሐሳባቸው ግን ፍጥነትና ስበት ጊዜን ይለውጣሉ ይላል። በዚህ ምክንያት የሳተላይቶቹ ሰዓት እዚህ መሬት ላይ ካለው ሰዓት በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይቀድማል። ከ1 ሰከንድ 38 ሚሊዮንኛ እጅ ነው። ኢምንት ይመስላል። ሳይታረም ቢቀር ግን ስሕተቱ በየቀኑ ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ይከማች ነበር። ሰማያዊዋ ነጥብ በሁለተኛው ቀን ሌላ ከተማ ውስጥ ትገኛለች።

ስለ ስልኩ ሌላውን በፍጥነት ልለፈው። የካሜራው መሠረት የሆነው ቺፕ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ በኤሪክ ፎሰም ቡድን የተሠራ ነው፤ ለጠፈር ካሜራ ተብሎ። በጣት የሚነካ ስክሪን በ1960ዎቹ በብሪታንያ የመንግሥት የራዳር ተቋም ተሞክሯል። ዌብ የተወለደው ሰርን በሚባለው፣ የአውሮፓ መንግሥታት በጋራ በሚያስተዳድሩት የፊዚክስ ማዕከል ነው። ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን በ1989 አቀረቡ። ሰርን በ1993 ለዓለም ሁሉ በነፃ ለቀቀው። በነፃ! ይህን ቃል ዝም ብላችሁ አትለፉት። ለእያንዳንዱ ገጽ ክፍያ ቢጠየቅ ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ዌብ ባልኖረ።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ ልግባ። ይህን ዓይነት ምርምር ማሾፊያ ማድረግ በጣም ቀላል ነው። በ1975 ዊሊያም ፕሮክስማየር የተባሉ የአሜሪካ ሴናተር "ወርቃማው የበግ ፀጉር" የሚል የነቀፌታ ሽልማት ጀመሩ። የሕዝብ ገንዘብ አባክነዋል ላሏቸው የሚሰጥ ነው። የመጀመሪያው ሰዎች ለምን በፍቅር ይወድቃሉ ለሚል የ84 ሺህ ዶላር ጥናት ደረሰ። ሴናተሩ የግብር ከፋዩን ገንዘብ ለመጠበቅ ማሰባቸው ክፋት የለውም። ችግሩ ርዕስ ብቻ አይቶ መፍረዱ ነው።

አንድ ርዕስ ልንገራችሁ። "የአይጥ ግልገሎችን ማሸት።" የሕዝብ ገንዘብ ለዚህ ወጣ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ሶል ሻንበርግ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪ ነበሩ። ከእናታቸው የተለዩ የአይጥ ግልገሎች የዕድገት ንጥረ ነገራቸው ሲቀንስ አዩ። መመገብ ብቻ አልረዳቸውም። እናት በምላሷ እንደምትልሰው በእርጥብ ብሩሽ ጠበቅ አድርገው ሲያሿቸው ግን ዕድገቱ ተመለሰ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ቲፋኒ ፊልድ ይህን ይዘው ያለ ጊዜያቸው ወደተወለዱ ሕፃናት ሄዱ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያሉ ሕፃናት በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ብዙም ሳይነኩ ነበር የሚቆዩት። በ1986 በወጣው ጥናት ለ10 ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለ15 ደቂቃ የታሹት ሕፃናት ካልታሹት ይልቅ በቀን 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። ከሆስፒታል የወጡትም 6 ቀን ቀድመው ነው። ያን ሕፃን ታቅፋ 6 ቀን ቀድማ ወደ ቤቷ ለገባች እናት ርዕሱ አያስቅም።

ወይም የመርዛማ እንሽላሊት ምራቅ። ጆን ኤንግ በኒው ዮርክ ብሮንክስ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች የመንግሥት ሆስፒታል የሚሠሩ ሐኪም ነበሩ። ጊላ ሞንስተር ከሚባለው እንሽላሊት መርዝ ውስጥ በ1992 አንድ ሆርሞን አገኙ። በእኛ አንጀት ከሚመነጨውና ኢንሱሊን እንዲለቀቅ ከሚያደርገው ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል። የእኛው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል፣ የእንሽላሊቱ ግን ለሰዓታት ይቆያል። ከዚያ ተነስቶ የተሠራው የስኳር በሽታ መድኃኒት በ2005 ተፈቀደ። ዛሬ ለስኳርና ለውፍረት በዓለም ዙሪያ የሚፈለጉት መርፌዎች የዚሁ ቤተሰብ ናቸው። የኋለኞቹ የተሠሩት ከሰው ሆርሞን ነው፤ በሩን መጀመሪያ የከፈተው ግን እንሽላሊቱ ነው።

እስካሁን የተሳካላቸውን አወራሁ። አሁን ገንዘቡ ሲቋረጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። ይህ ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያሳዝነኛል።

ኦሳሙ ሺሞሙራ የሚባሉ ጃፓናዊ ኬሚስት በ1961 አሜሪካ ምዕራብ ጠረፍ ወደምትገኝ ፍራይዴይ ሃርበር ሄዱ። ጄሊፊሽ የሚባለው ለስላሳ የባሕር ፍጡር በጨለማ እንዴት እንደሚያበራ ማወቅ ፈለጉ። ብዙ ሺህ ጄሊፊሽ አጠመዱ። በሚቀጥሉት ዓመታት ሚስትና ልጆቻቸውም መረብ ይዘው አብረዋቸው ያጠምዱ ነበር። አንዱን ፕሮቲን ሲፈልጉ ሌላ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን አብሮ ወጣ።

ዳግላስ ፕራሸር የሚባሉ ሌላ ተመራማሪ ይህ ፕሮቲን ምን ሊሆን እንደሚችል ታያቸው። በሕያው ሴል ውስጥ ሌላ ፕሮቲን ላይ ብትለጥፉት እንደ ችቦ እያበራ መንገዱን ያሳያችኋል። ካንሰር ሲዛመት፣ ነርቭ ሲያድግ በዓይን ማየት ማለት ነው። በ1992 የፕሮቲኑን ጂን ለይተው አወጡ። ግን የምርምር ገንዘባቸው አለቀ። ተጨማሪ ሲጠይቁ አልተሰጣቸውም። ሥራውን ሊተዉ ግድ ሆነ። ከመተዋቸው በፊት ግን ጂኑን ለጠየቋቸው ለማርቲን ቻልፊና ለሮጀር ቼን በፖስታ ላኩላቸው። ዝም ብለው፣ ያለ ክፍያ።

በ2008 የኬሚስትሪ ኖቤል ለሺሞሙራ፣ ለቻልፊና ለቼን ተሰጠ። የኖቤል ደንብ ከሦስት ሰው በላይ አይፈቅድም። ዜናው ሲነገር ፕራሸር አላባማ ውስጥ በአንድ መኪና ሻጭ ድርጅት የደንበኞች ማመላለሻ ሾፌር ነበሩ። ሹፌርነት ክቡር ሥራ ነው። ግን ያ አእምሮ በዚያው ምርምር ላይ ቢቆይ ኖሮ ሌላ ምን ያገኝልን ነበር? ያልተገኘን ነገር መቁጠር አይቻልም። ለዚህ ነው በጀት ሲቆረጥ ጉዳቱ ለማንም የማይታየው። ያልተወለደ መድኃኒት አልቃሽ የለውም።

የሕዝብ ገንዘብ አከፋፋዮችም ይሳሳታሉ። ይህን ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። ካታሊን ካሪኮ ኤምአርኤንኤን፣ ማለትም ሴል ምን ፕሮቲን እንደሚሠራ የሚነግረውን መልእክተኛ ሞለኪውል፣ መድኃኒት አደርጋለሁ ብለው ሲነሱ የምርምር ገንዘብ ጥያቄያቸው በተደጋጋሚ ውድቅ ሆነ። በ1995 በሚሠሩበት ዩኒቨርሲቲ ከደረጃቸው ዝቅ ተደረጉ። እሳቸው አልተዉትም። ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 ያሳተሙት ግኝት ለኮሮና ክትባት መንገድ ከፈተ። በ2023 ሁለቱም ኖቤል ተሸለሙ። በየኮሚቴው የተቀመጡ ሰዎች ጥሩ የሚመስለውን ይመርጣሉ፤ እንግዳ የሆነውን ይፈራሉ። የእኔ መልስ ግን "ስለዚህ በጀቱን እንቁረጥ" አይደለም። ገንዘቡ ሲጠብ ኮሚቴ የበለጠ ይፈራል። ሰፋ ሲል ነው ለእንግዳ ሐሳብም ትንሽ የሚተርፈው።

ስለ ኩባንያዎችም ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም። ትራንዚስተር በ1947 የተፈጠረው በቤል ላቦራቶሪ ነው፤ የግል ድርጅት ነው። ፒሲአርን ያሰቡት የኩባንያ ሠራተኛ ናቸው። ከአንድ ግኝት ተነስቶ በሺህ ሰው ላይ ሞክሮ፣ አምርቶ፣ ለሐኪም እጅ ማድረስ ብዙ ገንዘብና ብዙ ድካም ይጠይቃል። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት በአሜሪካ ከ2010 እስከ 2016 የተፈቀዱ 210 አዳዲስ መድኃኒቶችን መርምሮ ነበር። ከሁሉም በስተጀርባ በመንግሥቱ የጤና ምርምር ተቋም ገንዘብ የተሠራ ጥናት አገኘ። ከ210ሩ ሁሉም! እንዲያም ሆኖ መድኃኒቱ ገበያ ሲወጣ በማሸጊያው ላይ የሚታየው የአምራቹ ስም ብቻ ነው። ዋጋውንም የሚቆርጠው እሱ ነው። መጀመሪያ የከፈለው ሕዝብ ሁለተኛ ይከፍላል፤ አንዳንዱም መክፈል አቅቶት ይቀራል። ይህ መስተካከል ያለበት ነገር ይመስለኛል። እንዴት እንደሚስተካከል መንግሥታት እየተከራከሩበት ነው። ክርክሩ ግን ያለ እኛ መካሄድ የለበትም፣ ገንዘቡ የእኛ ነውና።

አንድ ነገር ቀረኝ። ማግኘት ብቻ ሳይሆን መጠበቅም ምርምር ነው። በየቀኑ ያንኑ ነገር መለካት። አሰልቺ ነው፣ ለጋዜጣ ዜና አይሆንም። ግን የብሪታንያ የአንታርክቲካ ጥናት ተቋም ሰዎች ከ1957 አካባቢ ጀምሮ ሃሌ በሚባለው ጣቢያ ከአናታቸው በላይ ያለውን፣ ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከልለንን የኦዞን ጋዝ መጠን ይለኩ ነበር። በየዓመቱ፣ በዚያ ብርድ። ከዓመታት በኋላ ቁጥሩ ማሽቆልቆል ጀመረ። ጆ ፋርማንና ሁለት ባልደረቦቻቸው በ1985 ለዓለም አሳወቁ። ኦዞኑ እየሳሳ ነው። በ1987 አገሮች ሞንትሪያል ላይ ተሰብስበው ኦዞንን የሚጎዱትን ጋዞች ለመቀነስ ተፈራረሙ። የድሮው ልኬት ባይኖር መቀነሱን ማን ያውቅ ነበር? ከምን ቀነሰ ይባል ነበር?

ሁለተኛው ሰው ቻርልስ ኪሊንግ ናቸው። በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ ከመጋቢት 1958 ጀምሮ በአየር ውስጥ ያለውን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን መለካት ጀመሩ። ሲጀምሩ ከ1 ሚሊዮን የአየር ቅንጣት 315 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ዛሬ ከ420 አልፏል። ኪሊንግ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ያዩት ነገር ውብ ነው። የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ዕፅዋት ቅጠል ሲያወጡ ቁጥሩ ይወርዳል። ቅጠሉ ሲረግፍ ይወጣል። ምድር ስትተነፍስ በወረቀት ላይ ማየት ነው። ከዓመት ዓመት ደግሞ መስመሩ በጥቂቱ ከፍ ይላል። ስለ አየር ንብረት ለውጥ የምንነጋገረው ሁሉ ከዚህ መስመር ጋር የተያያዘ ነው።

ኪሊንግ ለዚህ ሥራ ገንዘብ ሲለምኑ ነው የኖሩት። ይህ የተለመደ ክትትል እንጂ ምርምር አይደለም ያሏቸው ነበሩ። በ1964 በጀቱ ተቀነሰና መሣሪያው ቆመ። ኪሊንግ ተሯሩጠው ገንዘብ አግኝተው ከጥቂት ወራት በኋላ አስጀመሩት። ከዚያ ወዲህ እሳቸው በ2005 ካረፉም በኋላ ልኬቱ ቀጥሏል። የመዝገቡን ሠንጠረዥ ብትከፍቱት ከ1958 ጀምሮ ወር በወር ቁጥሩ ተደርድሯል። 1964 ላይ ስትደርሱ የየካቲት፣ የመጋቢትና የሚያዝያ ቦታ ባዶ ነው። የእነዚያ ሦስት ወራት አየር አልፏል። ዛሬ በምንም ያህል ገንዘብ ተመልሶ አይለካም።